የሚያመኝ እግሬ፣ የታመመው ወገቤ!

ሁልጊዜ እዚህ ገጽ ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ አከራይና ተከራይ ነበር የምናወጋው። ዛሬ ግን ስለ እግሬ ላጫውታችሁ ነው። «ደግሞ ያንተ እግር ለኛ ምን ይፈይዳል?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ማታ ስትነሱ ቂጣችሁ አካባቢ ጠቅ የሚያደርጋችሁ፣ «ብርድ ነው» ብላችሁ የምትተዉት ስንት ናችሁ? ለእናንተ ነው።

ያደግኩት ሺሺንዳ ነው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማያጣት፣ ከጓሮ አጥር ጀርባ ቡናና እንሰት የሚበቅልባት የከፋ ከተማ ነች። አሥራ ሁለተኛን እዚያው ጨረስኩ። ነጥብ ግን አልመጣልኝም። አባቴ «በግልህ ተፈተን፣ እኔ እያለሁ አትችገር» አለኝ። እኔ ደግሞ ልቤ ያለው አዲስ አበባ ነው። ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ፣ ስሜ ይወጣል፣ ምናምን… ለዚያ መሳፈሪያና የሁለት ወር ኪራይ ያስፈልጋል። አባቴን እንዳልጠይቀው ምን ብዬ?

በቡና ወቅት ማታ ማታ ኢሱዙ ይጫናል። ጆንያ ለተሸከመ በጆንያ ይከፈለዋል። አባቴ ግን ኩሩ ሰው ነው፤ «የኔ ልጅ ጫኝና አውራጅ አይሆንም!» ብሎ የማለው ሰው ነው። እናም ምን አደረግኩ? ደብተሬን በብብቴ ይዤ «ጓደኛዬ ቤት ላጠና ነው» እያልኩ መውጣት። እማዬ ምስኪን ደግሞ «ልጄ ዓይኑ እስኪጠፋ ያነባል» ብላ ቆሎ ትቋጥርልኛለች። ቆሎውን ጆንያ ላይ ተቀምጠን እንበላዋለን።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። አንዱን ጆንያ ከመሬት በጉንበሴ አንስቼ ወደ መኪናው ስዞር ወገቤ ላይ ቀጭ ያለ ነገር ተሰማኝ። የዚያን ሌሊት ሽቅብ ቀና ማለት አቃተኝ። እቤት «ወንበሩ አይመችም፣ ጎብጬ ሳነብ ነው» አልኩ። ሳምንት ተኛሁና ወገቤ ተሻለኝ። ተመስገን አልኩ። ይሄን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን፤ ወገቤ ሲሻለኝ ነው እግሬ የጀመረኝ!

ሕመሙን እንዴት ልንገራችሁ? ከቀኝ ቂጤ ይነሳል፣ በጭኔ ጎን ይወርዳል፣ በባቴ ውጨኛው በኩል አልፎ እግሬ አውራ ጣት ጋ ይደርሳል። እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር ያደርገኛል። ሳስነጥስ እጮሃለሁ። ስቀመጥ ይብሳል፣ ወዲያ ወዲህ ስል ትንሽ ይለቀኛል። ማታ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር የማድረው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን ስሙ። መጀመሪያ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ «ብርድ ነው» አለ። በቅቤ ታሸሁ። ብርዱ አልወጣም። ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ «ምንህን ነው?» «እግሬን።» እግሬን እንኳ ሳያዩ ደም ቀዱኝና «ሪህ አለብህ፣ ሥጋ አትብላ» አሉኝ። ሥጋ መቼ በየቀኑ በላሁና ነው የምተወው! ሌላ ዘንድ ስሄድ ታይፎይድ ተባልኩ። ክኒኑን ዋጥኩ፣ እግሬ እንደሁ እዚያው ነው። ወጌሻ ደግሞ «እግሩ ወልቋል» ብሎ ጎተተኝ። ወገኖቼ፣ ያን ዕለት የጮህኩት ጩኸት ቦንጋ ሳይሰማ አይቀርም! የወጌሻን እጅ አልንቅም፤ የወለቀ ክንድ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። የኔ ግን የወለቀ አልነበረም።

ከዚያማ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። መኪና ተሳፋሪ ቀነሰ፣ ታሪፍ ጨመረ፣ ሰው ሆስፒታል መሄድን ፈራ። ከቤት ዋልኩ። ማስታገሻ ነበር ምሳና እራቴ። አንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ «ኩላሊትህ ነው፣ ወገብህን ድሮ አሞህ አልነበር?» አለኝና የመርፌና የክኒን መዓት አዘዘልኝ። ለዚያ ነው እማዬ ጊደሯን የሸጠችው። ነገ ወተት ትሰጠናለች ብላ በገመድ እየጎተተች ያሳደገቻትን ጊደር! መርፌው አለቀ፣ ብሩም አለቀ፣ እግሬ ግን ያው ነው።

ይሄ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ የመጣው ኋላ ነው።

ከቤታችን አጠገብ አንዲት እናት ይኖራሉ። ከእማዬ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ቡና የተጣጡ ናቸው። ዛሬ እኛ ቤት ከተፈላ ነገ እሳቸው ቤት ነው። እኔን በጀርባቸው አዝለውኛል። አንድ ቀን አንዲት ዘመድ መጣችና «ይሄ ልጅ የሰው ዓይን ነው የበላው፤ ሐኪም ያላወቀው በሽታ የጤና አይደለም» አለች። «ማን ዓይኑን ጣለበት?» ተባለ። ያቺ እናት እኔ የታመምኩ ሰሞን «ይሄ ልጅ እንዴት አድርጎ ነው ትከሻው የሰፋው!» ብለው ነበር። ለምን እንደሰፋ እኔና ኢሱዙው ብቻ ነን የምናውቀው!

እማዬ ቡናውን ተወች። በሩን መዝጋት ጀመረች። ሰላምታ ቀረ። ጎረቤቱም ቀስ እያለ ራቃቸው። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ይሄን ሁሉ እሰማለሁ። አንድ ቃል፣ «እማዬ፣ ጆንያ ተሸክሜ ነው» የምትል አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። አልተናገርኩም። አባቴን ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ጊደሯ ተሸጣለች፤ አሁን ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ? ውሸት እንዲህ ነው፤ ስታሳድገው ወለድ ይወልዳል።

ጥር 2014 ዓ.ም. አጎቴ «በቃ ጅማ ይወሰድ» አለ። ከእማዬ ጋር ሄድን። አውቶቡስ ላይ ጎጀብን እስክንሻገር ቆሜ ነው የተጓዝኩት፤ መቀመጥ አልችልማ። ጅማ ያገኘኋት ሐኪም ወጣት ነች፤ ከኔ ብዙም የማትበልጥ። «ምንህን ነው?» አለችኝ።

«እግሬን ነው ዶክተር።»

«እስቲ በአንድ ጣትህ አሳየኝ። ከየት ይነሳል? የት ይደርሳል?»

ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በጣቴ ከቂጤ እስከ አውራ ጣቴ አሳየኋት። ስታስነጥስ ያምሃል? አዎ። ስትቀመጥ? ይብሳል። የቱ ጣትህ ይደነዝዝሃል? አውራው። ቀጥሎ የጠየቀችኝ ግን ላብ አጠመቀኝ፤ «ሲጀምርህ ምን እየሠራህ ነበር?»

እማዬ አጠገቤ ነች። ዝም አልኩ። ሐኪሟ እኔንም እማዬንም አየችና «እናቴ፣ ለአፍታ ውጭ ቢጠብቁን» አለቻት። በሩ ሲዘጋ ጆንያውን፣ ኢሱዙውን፣ ወገቤን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። አልሳቀችብኝም፣ አልተቆጣችኝም። ጻፈችው።

ከዚያ በጀርባዬ አስተኛችኝና ጉልበቴን ሳላጥፍ ቀኝ እግሬን ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሳችው። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ያ ንዝረት እስከ ጣቴ ወረደ። ግራውን ስታነሳው ግን የጭኔ ጅማት ከመወጠሩ በቀር ምንም የለም። ቀጥላ «በተረከዝህ ብቻ ተራመድ» አለችኝ። ግራዬ ቀጥ አለ፣ የቀኝ እግሬ ፊት ግን ወደ መሬት ወደቀ። አውራ ጣቴን ወደ ላይ ሳነሳ በእጇ ገፋ አድርጋ ያዘችው፤ የግራው አልሸነፍ ሲላት የቀኙን በአንድ ጣቷ መለሰችው። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በአሥር ደቂቃ!

«እግርህ ጤነኛ ነው» አለችኝ። «የታመመው ወገብህ ነው።»

እኔ ደንግጬ «ኧረ ወገቤን አያመኝም» አልኩ። «ሺሺንዳ መብራት ሲጠፋ ሁልጊዜ አምፖሉ ነው የሚቃጠለው? መስመሩ ሌላ ቦታ ተበጥሶም እቤት ይጨልማል አይደል?» አለችኝ። ከዚያ በወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ዲስክ የሚሉት ነገር አለ። ውጭው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ጎንበስ ብለን ከባድ ነገር ስናነሳ፣ በተለይ እያነሳን ስንጠማዘዝ፣ ውጭው ሊሰነጠቅና የውስጡ ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ሊጫነው ይችላል። ያ ነርቭ የሚያገለግለው ጭንና ባትን፣ እግርን ስለሆነ አንጎላችን «እግር ታመመ» ብሎ ነው የሚሰማው። ወገብ ራሱ ጨርሶ ላያም ይችላል። ለዚህ ነው ወገቤ ሲሻለኝ እግሬ የጀመረኝ፤ ለዚህም ነው እግሬን ያዩ ሁሉ ምንም ያላገኙት። በየትኛው መስመር እንደሚወርድ ደግሞ የትኛው ነርቭ እንደተጫነ ይናገራል። የኔው በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል እንደሚሆን ገና ሳልነሳ ነገረችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይሄ ነገር ሐኪሞችንም ሲያታልል የኖረ ነው። ከወገብ ወደ እግር የሚወርደውን ሕመም ጣሊያናዊው ሐኪም ዶሜኒኮ ኮቱኞ እ.ኤ.አ. በ1764 በዝርዝር ጽፎታል። ዲስኩ ወጥቶ ነርቭ መጫኑ ዋነኛ መንስኤ መሆኑን ግን ዓለም በሰፊው የተቀበለው ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ቦስተን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1934 ጥናታቸውን ካወጡ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በቀዶ ሕክምና ያገኙትን ቁራጭ ዕጢ እየመሰላቸው ያወጡት ነበር። መቶ ሰባ ዓመት! እና የኔ ሁለት ዓመት ምኑ ይደንቃል?

ሐኪሟ ጣቴ በመድከሙና ጊዜውም በመርዘሙ አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ እንድነሳ ጻፈችልኝ። ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ፤ «ፎቶ ብቻውን በሽታ አይደለም።» እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ወገባቸውን ምንም የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው ከግማሽ የሚበልጡት፣ 52 በመቶው፣ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ከመቶ 27ቱ ደግሞ ወጣ ያለ ዲስክ ነበራቸው። እነዚህ ሰዎች እኮ ጤነኞች ናቸው! ስለዚህ ፎቶው ከታሪካችሁና ከምርመራው ጋር ካልተገናኘ ሌላ የተሳሳተ መንገድ ሊያስይዛችሁ ይችላል። የኔ ፎቶ ግን ሐኪሟ በጣቷ ያመለከተችው ቦታ ላይ ነው የመጣው።

ከጅማ ስንመለስ የሆነውን ልንገራችሁ። አውቶቡስ ውስጥ እማዬ «ምን አለችህ?» አለችኝ። ጎጀብ ላይ ስንደርስ አንጀቴ አልቻለም። ሁሉንም ነገርኳት። ጆንያውን፣ ቆሎውን የት እንደበላሁት፣ ሁሉንም። ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የውሽውሽ ሻይ ልማት እስኪታየን ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ከዚያ በካፊኛ በቀስታ «ታዲያ እሳቸውን አሁን ምን ብዬ ላያቸው?» አለች። ስለ ጊደሯ አልጠየቀችም። ስለ አባቴም አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጀበናዋን በጨርቅ ጠቅልላ፣ እኔን ከኋላዋ አስከትላ ሄደች። ያቺ እናት በር ላይ ቆመው አዩን። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል «ተው ልጄ፣ ወገብህን!» አሉ። ገና ምንም ሳንነግራቸው እኮ ነው! ሲሉ የሰሙትን ለካ ልብ ብለውታል። ገብተን ነገርናቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ሳፈላ ሲኒውን ሁለት አድርጌ ነበር የማቀርበው» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን፣ በረካ ላይ እማዬ አለቀሰች። አባቴ ደግሞ ሲሰማ ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ በአራተኛው ቀን ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ወንበር አሠርቶ አመጣልኝ።

ሕክምናውስ? በአዲስ አበባ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ድሮ ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና ውጭ አገር ማሰብ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ተሻሽሏል። ሐኪሙ ሁለቱንም መንገድ ነገረኝ። በኔዘርላንድ በ283 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት ቶሎ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕመሙ ቶሎ ለቀቃቸው፤ ከዓመት በኋላ ግን ቀድሞ የተቀደደውም፣ መጀመሪያ በማስታገሻና በእንቅስቃሴ የቆየውም፣ ከመቶ 95ቱ አገግመው ተገኝተዋል። ጠብቀው ከነበሩት ውስጥም አንዳንዶቹ፣ ከመቶ 39ኙ፣ ኋላ ተቀድደዋል። እነዚያ ግን ሕመማቸው ከጀመራቸው ወራት ብቻ ነው፤ የኔ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ስለዚህ ተስፋው ያን ያህል እንደማይሆን በግልጽ ነገረኝ። «ጣትህ እየባሰበት አይደለም፤ ስድስት ወር በፊዚዮቴራፒ እንሞክር፣ ከደከመ ግን ሳትውል ሳታድር ና» አለኝ። ሞከርኩ። ተመስገን፣ ቢላዋ ሳይነካኝ ሕመሙ ለቀቀኝ። አውራ ጣቴ ግን ዛሬም ትንሽ ይለግማል፤ ቶሎ ብናገር ኖሮ ምናልባት አይለግምም ነበር።

እንግዲህ ከኔ ተማሩ። እግራችሁን ሲያማችሁ ሐኪም ዘንድ «እግሬን» ብላችሁ አትቁሙ። ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ የትኛው ጣት እንደሚደነዝዝ፣ ሲብስም ሲቀልም ምን ስታደርጉ እንደሆነ ተናገሩ። ሲጀምራችሁ ምን ትሠሩ እንደነበር፣ ቢያሳፍርም ተናገሩ። የሚያሳፍር ከሆነ «ከዶክተሩ ጋር ብቻዬን ላውራ» ማለት መብታችሁ ነው። የወገብ ሕመም ሁሉ ኩላሊት አይደለም። ይልቅ እኔ «ለኩላሊት» ተብዬ የዋጥኩት ዓይነት ማስታገሻ፣ እነ ዳይክሎፌናክ፣ ያለ ሐኪም ሲበዛ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ራሱን ይጎዳል። የቫይታሚን መርፌም ቫይታሚን ለጎደለው እንጂ ነርቭ ለተጫነበት አይደለም።

አትታገሡ የምላችሁም አለ። ሽንት አልመጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በጭናችሁ መሐል ኮርቻ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ እግራችሁ እየሰነፈ ከሄደ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል! የሰዓታት ነገር ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጣ ደግሞ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ተመርመሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የአከርካሪ ሕሙማንን የረዱት አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ ለቀዶ ሕክምና ጋና ድረስ ከላኳቸው መካከል ጀርባቸውን ቲቢ ያጎበጣቸው ብዙ ናቸው። ቲቢው ቀድሞ ሲታወቅ ግን ለወራት በሚዋጥ ክኒን ይድናል።

የአባቶቻችን ተረት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። እኔ የደበቅኩት በሽታዬን እንኳ አልነበረም፤ ጆንያዬን ነው። ዋጋውን ግን አንዲት ጊደር፣ ሁለት ዓመትና የአንዲት ምስኪን እናት ስም ከፈለበት። እናንተስ የደበቃችሁት ጆንያ የለም?

ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱልኝ። አሁን ተነሱና ትንሽ ወዲያ ወዲህ በሉ!